አዲሱ አሮጌውን እምቢ ያለበት እሑድ

“እንደገና እምቢ አለ” አለች አዲስዓለም። ጣቷን ከላፕቶፑ ላይ አነሣች።

አባቷ መሪጌታ መዝገቡ ከመደቡ ላይ ሆነው አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ። ዓይናቸው ላይ ሞራ ወርዷል። በግራው ሰውን ከሰው ይለያሉ፤ በቀኙ የሚታያቸው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው።

“ምን ይላል?”

“‘መገናኘት አልተቻለም’ ነው የሚለው።”

“አላወቀውም ማለት ነው?”

“አውቆታል አባዬ። የራውተሩን ስም አንብቦታል። ፓስወርዱንም ሰጥቼዋለሁ። ከደጁ ደርሶ ነው የሚመለሰው።”

መሪጌታ ከደጅ ደርሶ መመለስን ያውቁታል። ሰሞኑን እሳቸውም እንደዚያ ናቸው።

ራውተሩ ያለው ብፌው ውስጥ ነው። ነጭ የነበረ፣ አሁን የቅቤ መልክ የያዘ ሣጥን ነው። ከተተከለ ዓመታት አልፈዋል። አዲስዓለም አቧራ እንዳይገባበት ዳንቴል አልብሳዋለች፤ የብፌውንም መስተዋት ትዘጋበታለች። አረንጓዴ መብራቱ በዳንቴሉ ቀዳዳ ብልጭ ድርግም ይላል። ላፕቶፑ ግን በዚያው ሳምንት የመጣ ነው። አዲስዓለም በደብረ ታቦር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ የቀድሞው ላፕቶፗ ሲቃጠል ጓደኛዋ ይኼን ከአዲስ አበባ ላከችላት። ቀጭን ነው። ሲዘጋ ከአንድ የብራና ጥራዝ አይወፍርም።

ነገ ጠዋት አዲስ አበባ ላይ መሪጌታ ይሻው ጉሮሯቸውን ይቀደዳሉ። ሐኪሞቹ ዕጢ አግኝተውባቸዋል። ድምፃቸው ይተርፍ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ይሻውና መዝገቡ ከሐሙሲት ማዶ በነበረ አንድ ጉባኤ አብረው ድጓ የተማሩ ናቸው። መምህራቸው መሪጌታ ወርቁ ካረፉ ቆይቷል። ከዚያ ጉባኤ በሕይወት የቀሩት ሁለቱ ናቸው። መሪጌታ ወርቁ ከድጓው አንዲቱን ቦታ ከሌሎች መምህራን በተለየ አወራረድ ነበር የሚያዜሟት። ቀኝ እጃቸውን ያነሡና ያወርዳሉ። ድምፁ ግን ከእጁ ጋር አይወርድም። ላይ ይቀራል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚወድቀው። በእጁና በድምፁ መካከል ያለው ቆይታ መጽሐፉ ላይ አልተጻፈም። ከቃሉ ራስጌ ምልክት አለ። ምልክቱ ግን የሚያውቀውን ሰው ያስታውሳል እንጂ ለማያውቅ አይናገርም።

መሪጌታ መዝገቡ ያንን ቆይታ ረስተውታል።

መቼ እንደጠፋባቸው አያውቁም። አንድ ቀን ተማሪዎቹ እዚያ ቦታ ሲደርሱ እሳቸው ሊመሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ የመጣ ነገር አልነበረም። “ይኼን ነገ እንመለስበታለን” አሉ። ነገ አልተመለሱበትም። ተማሪዎቹ ከዚያ ወዲህ ቦታዋን እየዘለሉ ያልፋሉ። ትልልቆቹ ይተያያሉ፤ የሚጠይቅ የለም። መሪጌታ ለማንም አልተናገሩም። ለልጃቸው የነገሯት የይሻውን መታመም በሰሙ ማግስት ነው።

በስልክ ሞክረውት ነበር። ስልክ ወሬ ያደርሳል፤ የድምፅን መንቀጥቀጥ ግን ይውጠዋል። እጅም አያሳይም። ሄደው እንዳያዩአቸው ጉልበታቸው አይችልም፤ ዘንድሮ ወንዛዬ ፍል ውኃ እንኳ አልወረዱም። በዚያ ሰሞን ደግሞ ከተማው ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት የለም። የሚሠራው የቤት መስመር ብቻ ነው። የይሻው ልጅ ከአባቱ አልጋ አጠገብ ስልኩን ይዞ እየጠበቀ ነው። ጠያቂ የሚወጣው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ነርሶቹ በሽተኛውን ለነገ ያሰናዱታል።

“ስንት ሰዓት ሆነ?”

“ሰባት አለፈ።”

“ሌላ ሞክሪ።”

ጎረቤታቸው ዝናሽ ሳታንኳኳ ገባች። የእህል ወፍጮ አላት፤ በሰንበትም ቢሆን ዱቄቱ ከቅንድቧ አይጠፋም። የአዲስዓለም ስልክ ከባጃጅ ስትወርድ ወድቆ ስለደቀቀ የእሷን ልትዋሰው ልካባት ነበር።

“የኔታ እንደምን ዋሉ! ይኸውላችሁ ስልኬ። መስተዋቱ ተሰንጥቋል፣ ዕድሜውም ሄዷል። እንደ እኔው ነው፤ ድምፁ ግን አልደከመም።”

አዲስዓለም ስልኩን ተቀብላ ፓስወርዱን ጻፈችበት።

“ገባ!” አለች። ደነገጠች። “ይኼ ወዲያው ገባ።”

“ታዲያስ!” አለች ዝናሽ።

መሪጌታ አሮጌው ስልክ ወዳለበት ዞሩ። ከዚያ አዲሱ ላፕቶፕ ወዳለበት ዞሩ።

አዲስዓለም ደወለች። መሪጌታ ይሻው ታዩ። ከስልኩ ስንጥቅ ኋላ፣ ነጭ አንሶላ ላይ የተቀመጡ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጡ ሰው ናቸው። ጉሮሯቸውን በነጠላ ጠቅልለዋል። መሪጌታ መዝገቡ ስልኩን ወደ ግራ ዓይናቸው አስጠጉት። ይበልጥ አስጠጉት።

“የኔታ፣ ሊስሙት ነው እንዴ?” አለች ዝናሽ።

“ይኽ ጣት ነው ወይስ ክር?”

“ጣት ነው አባዬ። እጃቸውን አንሥተው ሰላም እያሉዎት ነው።”

“የትኛው እጅ?”

አዲስዓለም መለሰችላቸው፤ ለእሳቸው ግን ሁለቱም አንድ ነበሩ። ከስልኩ የሚወጣው ድምፅም ጠርሙስ ውስጥ እንደገባ ተርብ ነው።

“ይሻው” አሉ መሪጌታ ጮክ ብለው፤ “አሁን እንዳታዜም። ጉልበትህን ያዘው። በትልቁ መስተዋት ካልሆነ አይታየኝም። መልሰን እንደውላለን።”

ስልኩ ተዘጋ። አዲስዓለም ነጠላዋን አንሥታ ወጣች።

ይዛ የተመለሰችው ሳሙኤልን ነው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል፤ ቤቱ ከነሱ አጥር ቀጥሎ ነው። ልብስ እያጠበ ነበር፤ እጁ ላይ የሳሙና አረፋ አለ። የመሪጌታን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዘው አስቀሩት።

“ጊዜ የለም ልጄ። እሱን እይልኝ።”

ሳሙኤል እጁን በሱሪው ጠራርጎ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠ። ነካካ። ወደ ብፌው ሄዶ ዳንቴሉን ገልጦ አየ። ተመልሶ ተቀመጠ።

“ላፕቶፑ ጤነኛ ነው” አለ። “ራውተሩም ጤነኛ ነው።”

“እንግዲያ ማነው የታመመው?” አለች ዝናሽ።

“ማንም። አልተስማሙም።”

“ሳይጣሉ?”

ሳሙኤል ወደ መሪጌታ ዞሮ ተናገረ። “ራውተሩ የሚቆልፈው በድሮ ቁልፍ ነው፣ የኔታ። ያንን ቁልፍ ሌቦች መስበር ከቻሉ ቆይተዋል። አዲሶቹ ማሽኖች ሲሠሩ፣ በዚያ ቁልፍ ከሚዘጋ ቤት አትግቡ ተብለው ነው የሚወጡት። የእትዬ ዝናሽ ስልክ ግን የዚያን ጊዜ ሰው ነው። ቁልፉን ያውቀዋል፤ አይጠየፈውም።”

“አሮጊት እያለኝ ነው፣ ሰምታችኋል?”

“ስልኩን ነው ያልሁት።”

“ስልኩን ማን ገዛውና!”

መሪጌታ አልሳቁም። “አዲሱ ይፈጥናል?”

“አይገናኙም የኔታ። አዲሱ ይጋልባል። አሮጌው ቀስ ብሎ ቃል በቃል ነው የሚለው።”

“የሚጋልበው ቃል በቃል የሚለውን መስማት አቃተው?”

“ይሰማዋል። አሁንም እየሰማው ነው። ራውተሩ ‘እዚህ ነኝ፣ እዚህ ነኝ’ ይላል፤ ላፕቶፑም ይሰማል። እንዳይገባ ነው የተከለከለው።”

“አሁን? እኛ እየተነጋገርን?”

“አሁን። በእርስዎና በእኔ መካከል። ግድግዳውንም ያልፋል።”

መሪጌታ መዝገቡ ጆሯቸውን ወደ ብፌው አዘነበሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ድምፅ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ከተማሪ ጉሮሮ የሚወጣው ሳይወጣ ይታወቃቸዋል። በዚህች በሚተኙባት፣ በሚጸልዩባት ክፍል ሌት ተቀን አንድ ነገር ሲጣራ እንደኖረ ግን አላወቁም። እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ፊት ዘረጉ። የሚጨበጥ አልነበረም። እጃቸውን ሰበሰቡ።

“እግዚአብሔር ያሳይህ” አሉ በለሆሳስ። ለማን እንዳሉት አልታወቀም።

“በገመድ ማገናኘት አይቻልም?” አለች አዲስዓለም።

ሳሙኤል ላፕቶፑን በጎኑ አዙሮ አሳያት። የራውተሩ ገመድ ወፍራም ነው፤ ላፕቶፑ ለእሱ የሚሆን ቀዳዳ የለውም።

“ይኼን ያህል አጊጦ ቀዳዳ የለውም?” አለች ዝናሽ።

“ራውተሩ ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ባስለውጠውስ?” አለ ሳሙኤል ለራሱ። “የውስጡ ፓስወርድ ሌላ ነው። ታውቂዋለሽ?”

“የተከለው ሰው ነበር የሚያውቀው። የት እንደሄደ አላውቅም።”

ሳሙኤል ራውተሩን ከብፌው አንሥቶ ገለበጠው። “ከኋላው ቀዳዳ አለችው። በመርፌ ጫን ተደርጋ ስትያዝ ያለ ፓስወርድ ይከፈታል። መርፌ አለ?”

ዝናሽ ከቀሚሷ ደረት ላይ መርፌ ነቅላ ሰጠችው። ሳሙኤል መርፌውን ወደ ቀዳዳዋ አስጠጋ።

“ቆይ” አሉ መሪጌታ። “ከተወጋ በኋላ ምን ይሆናል?”

“ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል።”

“የተማረውስ?”

ሳሙኤል እጁን ያዝ አደረገ። “የተማረው ይጠፋል የኔታ። የመስመሩ መግቢያም አብሮ ይጠፋል።”

“ማን ይመልስለታል?”

“መስመሩን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት። ዛሬ ግን ዝግ ነው።”

መሪጌታ መደቡን በመዳፋቸው ደገፍ ብለው ተነሡ። ከጉልበታቸው ሕመም የተነሣ ይህን ያለ መቋሚያ አያደርጉትም። በዳበሳ ሄደው ራውተሩን ከሳሙኤል እጅ ወሰዱት። ሞቆ ነበር። እንደዚያ ይሞቃል ብለው አልጠበቁም።

“አትወጋውም” አሉ። ወደ ቦታው መለሱት፤ ዳንቴሉንም በዳበሳ አለበሱት።

ከውጭ፣ ከቤቱ ጥግ፣ ተማሪዎቹ ይሰማሉ። ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፤ ከዚያች ቦታ ሲደርሱ ቆም ይላሉ፤ ዘለው ይቀጥላሉ። መሪጌታ ራሳቸውን ደፉ።

ሳሙኤል የዝናሽን ስልክ እያገላበጠ ያየዋል። “ይኼ ስልክ የሚሞላበት ገመድ የታለ?” አለ ድንገት።

“እቤት ነው። ባትሪው ሞልቷል እኮ!”

“ለባትሪ አይደለም።”

ዝናሽ ሮጣ አመጣችው። ሳሙኤል የገመዱን አንድ ጫፍ ስልኩ ላይ፣ ሌላውን ላፕቶፑ ላይ ሰካ። ለዚያኛው ቀዳዳ ነበረው።

“ምን እያደረግህ ነው?” አሉ መሪጌታ።

“አማላጅ እየላክሁ ነው። ስልኩ ከራውተሩ ይቀበላል። የተቀበለውን በዚህ ገመድ ለላፕቶፑ ያቀብለዋል። ላፕቶፑ ከአሮጌው ጋር መነጋገሩን እንኳ አያውቅም።”

“ምንም ሳይጎድል ያቀብለዋል?”

“ምንም።”

አዲስዓለም ጎንበስ ብላ አየች። “መስመር አገኘሁ ይላል!” እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሳሙኤል መደወያውን ከፈተ። ላፕቶፑ አሰበ። ከዚያ ቀይ ጽሑፍ አወጣ።

“አሁን ደግሞ ምን ጎደለበት?” አለች ዝናሽ። “ቡና አፍሉልኝ ሊል ነው?”

ሳሙኤል ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበ። ከዚያ የማያ ገጹን ታችኛ ጥግ አየ። ከንፈሩን ነከሰ፤ ሳቁ ግን አመለጠው።

“ይኼን ዓመት ማነው ያስገባው?”

አዲስዓለም ወደ አባቷ አየች። መሪጌታ መልሱን አልሸሹም።

“እኔ ነኝ ያስገባሁት። ሲመጣ ዘመኑን ስቶ ነበር። ሰዓቱንም ስቶ ነበር። አስተካክዪው አልኋት። ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ዓመተ ምሕረት። ምን ስሕተት አለበት?”

መሪጌታ መዝገቡ ባሕረ ሐሳብ አዋቂ ናቸው። የከተማው ካህናት በዓላትና አጽዋማት የሚውሉበትን ቀን የሚጠይቁት እሳቸውን ነው። ላፕቶፑ የመጣ ዕለት አዲስዓለም አንድ ቃል ልትናገር ፈልጋ ነበር፤ ድምፃቸውን ስትሰማ ያዘዟትን ጻፈች።

“ለእኛ ስሕተት የለበትም የኔታ” አለ ሳሙኤል። “እሱ ግን በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው። ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ሲሉት፣ ከዛሬ ሰባት ስምንት ዓመት በፊት ነው ብሎ አመነ። ከአዲስ አበባ በኩል የሚመጣለት መታወቂያ ደግሞ ዘንድሮ የተጻፈ ነው። ‘ይኼ ገና ያልተጻፈ ወረቀት ነው፤ ከየት አመጣችሁት?’ ብሎ መለሰው።”

“እስካሁን ድረስ በዚያ ዘመን ሆኖ ነው የዋለው?”

“በዚያ ዘመን ሆኖ ነው።”

“እኛ ፊቱ ተቀምጠን?”

“ፊቱ ተቀምጠን።”

መሪጌታ በመደነቅ አፋቸውን ያዙ። አንድ ነገር ከሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ውሎ በሌላ ዘመን መኖር ይችላል። በነገሩት ዘመን ይጸናል፤ ከዚያ ዘመን ያለፈውንም ሁሉ አላውቅም ይላል። የነገሩት ደግሞ እሳቸው ናቸው።

“ዐውቆ አላበላሸውም” አሉ ቀስ ብለው። “የነገርሁትን ነው የያዘው። መልስለት።”

“ወደ ፈረንጁ?”

“እሱ ወደሚያውቀው። ዘመኑን እኔ እይዘዋለሁ።”

ሳሙኤል መለሰው። መደወያው ተከፈተ። ፀሐይ ከመስኮቱ ዞራ፣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር።

መሪጌታ ይሻው ላፕቶፑን ሞልተው መጡ። መዝገቡ ወንበራቸውን አስጠግተው ግራ ዓይናቸውን አዞሩ። ነጠላው ታያቸው። ጢሙ ታያቸው። ቀኝ እጁ ታያቸው፤ ጣቶቹ ተለያይተው ታዩአቸው።

“አንተ መዝገቡ!” አለ ድምፁ። ሻክሯል፤ ሹክሹክታ ሊሆን ምንም አልቀረው። “እንዴት ነው ያረጀኸው?”

“አንተስ? በልጅነትህም መልክ አልነበረህም።”

ይሻው ወዲያው አልሳቁም። ፊታቸው እንዳለ ቆየ። መዝገቡ ያስቀየሟቸው መሰላቸው። ከዚያ ሳቁ መጣ።

“ይዘገያል የኔታ” አለ ሳሙኤል በጆሯቸው። “መንገዱ ረጅም ነው። ታግሠው ይጠብቁት። እጅና ድምፃቸው ግን አብረው ነው የሚመጡት፤ መስመሩ ካልተቆረጠ።”

“ይሻው፤ ያቺን የየኔታ ወርቁን ቦታ።”

“ዐውቃታለሁ። ልጄ ነግሮኛል።” ይሻው ውኃ ጎንጨት አሉ። “ብዙ አልችልም። ጆሮህን ስጠኝ።”

ቀኝ እጃቸውን አነሡ፤ ጀመሩ። ድምፁ ቀጭን ነበር፤ መንገዱ ግን ያው መንገድ ነው። መዝገቡ ሳያስቡት አብረው ማዜም ጀመሩ። የሳቸው ድምፅ አዲስ አበባ ሲደርስ ይሻው ወደፊት አልፈው ስለነበር ሁለቱ ዜማዎች ተጋጩ።

“ዝም በል!” አሉ ይሻው። “ድሮም አታስጨርስም ነበር። የኔታ ስንት ጊዜ በዘንግ አሉህ!”

ዝናሽ አፏን በነጠላዋ አፈነች።

ይሻው ዐረፍ ብለው እንደገና እጃቸውን አነሡ። መዝገቡ ከንፈራቸውን ገጠሙ። ዜማው ወጣ፤ ወደ ቦታዋ ደረሰ። እዚያ ላይ ምስሉ ደረቀ። እጁ አየር ላይ ቀረ። ድምፁ ብቻውን ተንቀጠቀጠ፤ ተቆረጠ፤ ወደቀ። ምስሉ ሲመለስ እጁ ከአንሶላው ላይ ነበር።

“እጁ መቼ ወረደ?” አሉ መዝገቡ። “ሳሙኤል! እጁ መቼ ነው የወረደው?”

“አልመጣም የኔታ። ተቆረጠ።”

ከወዲያ በኩል ይሻው እየሳሉ ነበር። ልጃቸው ደገፋቸው። የሴት ድምፅ “ይበቃዎታል አባቴ” ሲል ተሰማ። ይሻው በእጃቸው ምልክት አሳዩ፤ አንድ ጊዜ፣ ቆይ፣ አንድ ጊዜ።

ሳሙኤል ወደ ብፌው ሮጠ። መስተዋቱን ከፈተ፤ ዳንቴሉን ገፈፈ። “ታፍኖ ነው። ወደ ስልኩ ይቅረብ። ገመዱ አጭር ነው፤ እትዬ ዝናሽ፣ ያዢልኝ። ከፍ አድርጊው።”

ዝናሽ ራውተሩን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ገመዱ እስከሚፈቅድላት መጥታ ከደረቷ በላይ አነሣችው። “ያቃጥላል እኮ” አለች። ግን አላወረደችውም። አዲስዓለም ስልኩን ይዛ ወደ ዝናሽ ተጠጋች። ስልኩን የያዘው ገመድ ተወጠረ። የአዲስዓለም ዓይን ግን ላፕቶፑ ላይ ነበር።

“ይሻው፣ ከቻልህ” አሉ መዝገቡ። ድምፃቸው የተማሪ ድምፅ ነበር።

ይሻው እጃቸውን አነሡ። አልሳሉም። ዜማው ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው ቀስ ብሎ መጣ። ከቦታዋ ደረሰ። እጁ ወረደ፤ አንሶላው ላይ ዐረፈ፤ ሙሉ በሙሉ ዐረፈ። ድምፁ ግን ላይ ነበር። የሚይዘው ነገር ሳይኖር ላይ ቆመ። የሚቀደደው ጉሮሮ ሲርገበገብ በነጠላው በኩል ይታያል። መዝገቡ ትንፋሻቸውን ያዙ። አሁን ይወድቃል ሲሉ አልወደቀም። ይወድቃል ብለው ከሚጠብቁት አልፎ ቆየ፤ ከዚያ በኋላ፣ ማንም ሳይገፋው፣ ወደቀ።

ዝናሽ ራውተሩን እንዳነሣች ቀረች።

“መልስልኝ” አሉ ይሻው በሹክሹክታ።

መዝገቡ መለሱ። ቀኝ እጃቸውን አነሡ፤ አወረዱ፤ ቆዩ፤ ጣሉት። ከዚያ ጠበቁ። ከወዲያ በኩል ይሻው አፍጠው ያዩአቸዋል፤ ፊታቸው አይንቀሳቀስም። ስተው ይሆን? መንገዱ ረጅም ስለሆነ ይሆን? መዝገቡ ይኽን ያህል የሚከብድ ዝምታ በመምህራቸው ፊት እንኳ አይተው አያውቁም።

የይሻው ራስ ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ፤ ወደ ላይ ወጣ።

“እሱ ነው” አሉ። “የኔታ ናቸው።”

ከዚያ ነርሷ መጣች። ይሻው እንዲህ አሉ፦ “ድምፄ ባይመለስ በዚሁ እየመጣህ ታዜምልኛለህ። ከሳትህ በእጄ እመታሃለሁ።”

“እግዚአብሔር ይማርህ” አሉ መዝገቡ። ብዙ ሊናገሩ ነበር፤ የወጣላቸው ይኼ ብቻ ነው። ምስሉ ጠፋ። በጥቁሩ መስተዋት ላይ የራሳቸው ጥላ ቀረ።

ሳሙኤል ወደ ልብሱ ተመለሰ። ዝናሽ ስልኳን ከገመዱ ነቅላ፣ “አማላጅ ሆኖ የዋለ ስልክ ነው፤ ዛሬ ማንም አሮጌ እንዳይለው” ብላ ወጣች።

መሪጌታ ብቻቸውን መደቡ ላይ ተቀምጠው ደገሙት። መጣላቸው። ደገሙት። እጃቸውን አወረዱ፤ ቆዩ፤ ጣሉት። ልክ አይደለም። ቸኩለዋል። እንደገና አነሡት፤ አሁን ደግሞ አዘገዩት። የይሻውን እጅ ሊያስቡት ሞከሩ፤ አንሶላው ታያቸው፤ ነጠላው ታያቸው፤ ቆይታው ግን ከመካከላቸው እየሸሸ ነበር።

አዲስዓለም ጀርባዋን ሰጥታ ገመዱን እየጠቀለለች፣ ዳንቴሉን እያጠፈች ነው። ልብ ሳትለው ታንጎራጉራለች። ድምፁ ወጣ፤ ደረሰ። እጇ ከገመዱ ጋር ወረደ። ድምፁ ላይ ቀረ። ቆየ። መዝገቡ ይወድቃል ብለው ከሚጠብቁት አልፎ ቆየ፤ ከዚያ ወደቀ።

መሪጌታ ቀና አሉ። በዚያ ግቢ ሴት ልጅ ድጓ ተምራ አታውቅም፤ ያስተማራትም የለም።

“አዲስዓለም።”

ደነገጠች። “ይቅርታ አባዬ፤ ሳላውቀው ነው።”

“ገመዱን አስቀምጪው።”

አስቀመጠችው።

“እዚህ ነይ፤ ተቀመጪ። ድገሚልኝ።”

አዲስዓለም አባቷን አየች። ከውጭ ተማሪዎቹ ዝም ብለው ነበር፤ የቤቱን ነገር ሲሰሙ የዋሉ ይመስላል። ጥላቸው በበሩ ይታያል። ልትዘጋው ተነሣች።

“ተዪው” አሉ መሪጌታ መዝገቡ። መደቡ ላይ ጠጋ ብለው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁላት። “ክፍት ይሁን። እነሱም ይስሙ።”

ከዚያ ከንፈራቸውን ገጥመው ድምፁ እስኪመጣ ጠበቁ።